ብርሽን ባንክ አስቀምጪ ያልኩበት ዓመት

ለረጅም ዓመታት የማስተምረው ስለ ገንዘብ ፖሊሲና ስለ ዋጋ ነው። ለተማሪዎቼ የነገርኳቸው ሁሉ ስሕተት ነበር አልልም፤ መጻሕፍቱ የሚሉትን በታማኝነት አስተምሬያለሁ። የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። አቃቂ ተወልጄ ያደግኩ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ዋጋ ምን ማለት እንደሆነ በልጅነቴ ወረፋ ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ግን ያየሁትን እንደ እውቀት አልቆጠርኩትም። የእናቴ ጓዳ ሌላ፣ ምጣኔ ሀብት ሌላ መሰለኝ። በዚህ የተጎዳሁት እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር።

በደርግ ጊዜ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና የሚገኘው ከቀበሌ ሱቅ ነበር። እናቴ የራሽን ካርዱን ከብሩ ጋር በመሐረብ ቋጥራ ትሰጠኝና ገና ሳይነጋ ትልከኛለች። ስደርስ ሰው ራሱ ባይኖር እንኳ ድንጋዩና ቅርጫቱ በባለቤቱ ምትክ ወረፋ ይዞ ይጠብቀኛል። ብዙ ጊዜ ተራዬ ሳይደርስ “አልቋል” ይባላል። ያን ጊዜ እናቴ ከሰፈር ሰው ቤት በድብቅ፣ ከቀበሌው ዋጋ በእጥፍና ከዚያም በላይ ትገዛለች። ያም ሲጠፋ ቡናውን በጨው እንጠጣለን። እኛ ቤት ስኳር ሁለት ዋጋ ነበረው፤ አንዱ መንግሥት የተመነው፣ ሌላው እናቴ በእውነት የከፈለችው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የማስተርስ ጥናቴን ስሠራ ርእሴ የገንዘብ አቅርቦትና የዋጋ ግንኙነት ነበር። ያን ጊዜ ልቤን የወሰደው ሚልተን ፍሪድማንና አና ሽዋርትዝ በአሜሪካ የገንዘብ ታሪክ ላይ የጻፉት ትልቅ መጽሐፍ ነው። የታተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ነው፤ የእኛን ብሔራዊ ባንክ ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 206ም በዚያው ዓመት፣ በ1955 ዓ.ም. ነው የወጣው፤ ባንኩ በ1956 ሥራ ጀመረ። በወጣትነቴ ይህ መገጣጠም ራሱ ደስ ይለኝ ነበር። ሐሳቡ ቀላልና ያማረ ነው፤ ገንዘብ ከምርት ፈጥኖ ሲበዛ ዋጋ ይወጣል። እኔም በአገሬ ቁጥር ላሳየው ተነሣሁ።

ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ የድሮ ስታቲስቲክስ ጥራዞችን እያገላበጥኩ ዋጋውን በእጄ ገለበጥኩ። ከገለበጥኳቸው ዋጋዎች ብዙዎቹ መንግሥት የተመናቸው ነበሩ። የደርግ ዘመን ዋጋ፣ ገንዘቡ እየበዛ እንኳ፣ የተረጋጋ ሆኖ ወጣ። ይህን ለማስረዳት ብዙ ገጽ ፈጀሁ። ሰው ገንዘብ በእጁ መያዝ ስለመረጠ ነው፣ ቁጠባ ስለጨመረ ነው ብዬ ጻፍኩ። ሰው ግን ምንም አልመረጠም። የሚገዛው ዕቃ ስለጠፋ ነው ብሩ እጁ ላይ የቀረው። በዋጋ መልክ መውጣት ያልቻለው ግሽበት ወረፋ ሆኖ ወጥቶ ነበር። እዚያ ወረፋ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ያን ጥናት የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ጥሩ ውጤት አገኘሁበት።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት ደግሞ ሌላ እምነት ጨመሩልኝ። በ1993ና በ1994 ምርት ተትረፍርፎ የበቆሎ ዋጋ ወደቀ፤ የመሰብሰቢያውንና የማጓጓዣውን ወጪ እንኳ አልሸፍን ብሎት ገበሬው አዝመራውን ማሳ ላይ የተወበት አካባቢ ነበር። በ1995 ድርቅ መጣና ዋጋ ተመልሶ ወጣ። ከዚህ ተነሥቼ በአገራችን ዋጋ ዝናብ ሲቀር ይወጣል፣ አዝመራ ሲገባ ይመለሳል ብዬ ደመደምኩ። ለዚያ ጊዜ እውነት ነበረ። የእኔ ጥፋት ለዘላለም እውነት ነው ብዬ መያዜ ነው።

2000 ዓ.ም. የገባው ዋጋ መነሣት ከጀመረ በኋላ ነው። አገር ሚሌኒየሙን ሲያከብር አክስቴ ዕቁብ ወጣላት፤ 20,000 ብር። አክስቴ አቃቂ ገበያ ዳር ጉሊት ተቀምጣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ የምትሸጥ ሴት ነበረች። አትክልት ተራ ያኔ ፒያሳ ነበር፤ በጨለማ ተነሥታ እዚያ ድረስ ሄዳ ገዝታ በአይሱዙ ታመጣለች። ግቢዋ ውስጥ ሁለት ክፍል ሠርቶ ማከራየት የዘመናት ሐሳቧ ነው። ልጠይቃት ስሄድ ቡና እየቀዳች ነገሩን አነሣችው።

“ቆርቆሮውንና ሚስማሩን አሁኑኑ ልግዛው፤ እንጨቱንና ጭቃውን ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ። ምን ትለኛለህ ልጄ?”

“እቴቴ፣ ቆርቆሮ ገዝተሽ የት ልታስቀምጪው ነው? ብርሽን ባንክ አስቀምጪ። አዝመራ ሲገባ ዋጋው ይረጋጋል፤ ያን ጊዜ ሁሉንም በአንድ ላይ ገዝተሽ ትሠሪያለሽ። ወለዱም ትርፍ ነው።”

“ብር እኮ ዘንድሮ አይቆይም” አለችኝ።

እንዴት እንደማይቆይ አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት ኖሮ ትነግረኝ ነበር። ሰኞ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ሸጣ ባገኘችው ብር፣ ትርፉን ሳትነካ እንኳ፣ ሐሙስ ያንኑ ጆንያ መግዛት እያቃታት ነበር። በየሳምንቱ ጆንያውን የምትሞላው ከራሷ እየጨመረች ነው። እኔ መረጃ ብዬ የምጠብቀው የወሩ ቁጥር ተሰብስቦ፣ ተሰልቶ፣ ታትሞ እጄ እስኪገባ ድረስ እሷ ብዙ ጊዜ ገዝታ ሸጣለች። ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ ከእኔ በፊት ታውቅ ነበር። ግን የተማረው የወንድሟ ልጅ እኔ ስለሆንኩ ሰማችኝ። ብሩን ባንክ አስገባች።

በሐምሌ 2000 የአገሪቱ ዋጋ ከአምናው ሐምሌ ጋር ሲነጻጸር በ64 በመቶ አደገ፤ የምግቡ ብቻ ከዚያም ይበልጥ ነበር። በዚያ ጊዜ ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ 4 በመቶ ነው። ሒሳቡ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ የምሰጠው ዓይነት ነው። 20,000 ብር በዓመቱ 20,800 ይሆናል፤ ያ 20,800 ብር የሚገዛው ግን አምና በ12,700 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። አክስቴ ሁለቱን ክፍል አልሠራችም። አንዲት ጠባብ ክፍል አቆመች፤ እሷንም በአሮጌ ቆርቆሮ ከደነች።

አልወቀሰችኝም። “አንተ ምን ታደርግ፣ የተማርከውን ነው የነገርከኝ” አለችኝ። ይህ ነገሯ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ምክንያቱም የተማርኩት እንዲህ አይልም። እውነተኛው ወለድ ማለት ባንክ ከሚከፍለው ላይ ግሽበቱ ተቀንሶ የሚቀረው መሆኑን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። የወለዱም ሰንጠረዥ በማስታወሻዬ ውስጥ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት 3 በመቶ፣ ከ1999 ክረምት ጀምሮ 4፣ በኋላም በ2003 ወደ 5፣ በ2010 ወደ 7። ከእነዚህ ዓመታት በብዙዎቹ ቆጣቢው ከሳሪ ነበር። ታዲያ አክስቴ ፊት ስቀመጥ ይህ ሁሉ የት ሄደ? “ባንክ አስቀምጪ” ማለት የተማረ ሰው ምክር ይመስላል። “ቆርቆሮ ግዢ” ማለት ግን ማንም የሚለው ነው። የተናገርኩት ከእውቀቴ ሳይሆን ከወንበሬ ነው። ዘመድ ምክር ሲጠይቃችሁ ሳታስቡበት የመለሳችሁ ካላችሁ፣ የምለው ይገባችኋል።

ከዚህ ብማር ደግ ነበር። አልተማርኩም። በዓመቱ ባቀረብኩት ጽሑፍ ለዋጋው መናር አንዱ ምክንያት ክምችት ነው፤ ነጋዴውም፣ ገበሬውም፣ ከተሜውም እህል ይዞ ስለተቀመጠ ገበያው ደረቀ ብዬ ተከራከርኩ። በዚያ ሰሞን በየመድረኩ የሚባለውም ይኸው ስለነበር ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀልኝ። ከተሰብሳቢው መሐል አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው እጃቸውን አወጡ።

“መምህር፣ ለመሆኑ እርስዎ ቤት አሁን ጤፍ አለ?”

ነበረ። ባለቤቴ በጥር፣ የአድአ ጤፍ በብዛት በሚገባበት ጊዜ፣ የዓመቱን ገዝታ በጆንያ አስቀምጣ ነበር። ደሞዝ ያለውና አቅሙ የሚፈቅድለት ቤት ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል። የጽሑፌን ወንጀለኛ እቤቴ አስቀምጬ ነበር የመጣሁት። ሰውዬው ሊያሳፍሩኝ እንዳልፈለጉ ግልጽ ነው። “አለ” ስላቸው “ታዲያ ብሩ ቢያስተማምን ማን ጆንያ ያቅፍ ነበር?” ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ነገሩን ገልብጬ ማየት የጀመርኩት። ሰው እህልና ቆርቆሮ ውስጥ የሚገባው በብሩ ላይ ያለው እምነት ሲያልቅ ነው። እምነቱን የጨረሰው ጆንያው አይደለም። ከዚህም የከፋው፣ መሸሸጊያው ለሁሉም አለመዳረሱ ነው። እኔ የዓመቱን ጤፍ በጥር ዋጋ ገዝቻለሁ። ቃሊቲ ፋብሪካ በር ላይ ቆሞ የቀን ሥራ የሚጠብቀው ሰው ግን ዱቄቱን በኪሎ፣ በዕለቱ ዋጋ፣ ክረምት ከበጋ ይገዛል። 64 በመቶ የሚለው ቁጥር የሁለታችንም አማካይ ነው፤ እሱ የከፈለውን አያሳይም፣ እኔ ያመለጥኩትንም አያሳይም። እኔ ደግሞ ሥራዬን ሁሉ የሠራሁት በዚህ አማካይ ላይ ነው።

የሌሎችን ጥናት እንደ አዲስ ወደ ማንበብ ተመለስኩ። ጆሴፍ ሎኒንግ፣ ዲክ ዱሬቫልና ዮሐንስ አያሌው የኢትዮጵያን ግሽበት አጥንተው ያገኙት ለአንድ ምክንያት ወዳድ ሰው አይመችም። በረጅም ጊዜ የአገር ውስጡን ዋጋ የሚጎትተው በብር የተሰላው የዓለም ዋጋ ነው። በአጭር ጊዜ ደግሞ የአዝመራ መበላሸት ምግቡን ከመንገዱ ያወጣዋል፤ የገንዘብ መብዛት የሚታየው ይበልጡን ምግብ ባልሆነው ላይ ነው። አለማየሁ ገዳና ክብሮም ታፈረ ደግሞ እንደ አውሮፓውያን በ2011 ባወጡት ጽሑፍ የእኛን ግሽበት ልማታዊ መንግሥት ለመሆን ለሚያስቡ አገሮች ማስጠንቀቂያ አድርገው አቀረቡት። በፈቃዱ ደግፌ ስለ ገንዘባችን አወላለድ የጻፈውንም ያኔ ነው ልብ ብዬ ያነበብኩት። በሐምሌ 1937 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ሕዝቡ የለመደው የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ነበርና፣ ወረቀቱ ይታመን ዘንድ ከብር ማዕድን የተሠራ 50 ሳንቲም አብሮ ወጣ። መንግሥት ገንዘብ በእምነት እንደሚቆም ያን ጊዜ ያውቅ ነበር። እኔ ግን እምነት የሚባለውን ነገር ከስሌቴ ውስጥ አስወጥቼው ነበር፤ መለኪያ ስላልነበረው።

በ2003 ታኅሣሥ መጨረሻ መንግሥት በስኳር፣ በዘይት፣ በሥጋና በሌሎችም ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲያወጣ የኖርኩበት አቃቂ እንደገና አስተማሪዬ ሆነ። ዝርዝሩ በየሱቁ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ዘይቱና ስኳሩ ከመደርደሪያው ጠፋ። ከሸማቾች ማኅበር ሱቅ ፊት ሴቶች ጄሪካን ይዘው ተሰለፉ፤ የተራው ምልክት ድንጋይ ሳይሆን ጄሪካን መሆኑ ነው ልዩነቱ። እዚያ ሰልፍ አጠገብ ስደርስ የማስተርስ ጥናቴ ትዝ አለኝ። ቁጥር ሰብሳቢ መጥቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ዋጋ ቢጽፍ፣ ዋጋ ወረደ ይባላል። ከዓመታት በኋላም አንድ ተማሪ ያንን ቁጥር ገልብጦ፣ ሰው ገንዘብ መያዝ ስለመረጠ ነው ብሎ ይጽፍበታል። ጣሪያው ከጥቂት ወራት በኋላ ከአብዛኞቹ ዕቃዎች ላይ ተነሣ፤ በዚያው ክረምት ግሽበቱ 40 በመቶ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ጠቢብ ሆንኩ ብዬ አልዋሽም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ለተማሪዎቼ ግሽበቱ በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍ ይሆናል አልኳቸው። አልሆነም፤ ጠቅላላው ቁጥር ይልቁንም ቀስ በቀስ እየወረደ ሄደ። ብሔራዊ ባንክ 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ አውጥቶ ነበር፤ ባንኮች የሚሰጡት ብድርም ገደብ ነበረበት። ከሁሉም በላይ ግን ብዙው የገቢ ዕቃ ቀድሞውንም የሚሸጠው በጥቁር ገበያው ዶላር ተሰልቶ ነበር። ነዳጅና መድኃኒት የመሳሰሉት፣ በባንክ ዶላር ይገቡ የነበሩት፣ በእርግጥ ተሰቀሉ። ይህንም ማወቅ ነበረብኝ። በ1985 መስከረም ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ሲደረግ አባቴ ከፋብሪካ መጥቶ “ነጋዴው እንደሆነ ድሮም በሰባት ነው የሚያስበው” ማለቱን አስታውሳለሁ። የሰማሁትን ነገር ለሁለተኛ ጊዜ ከክፍል ውጭ አስቀርቼዋለሁ።

ጉሊቱን ዛሬ የያዘችው የአክስቴ ልጅ ናት። ቲማቲሙን በመደብ ትሸጣለች፤ የመደቡ ዋጋ ለወራት አንድ ነው፣ የሚለወጠው የፍሬው ብዛት ነው። አምስት የነበረው አራት ሆነ፤ ከዚያም ሦስትና አንዲት ትንሽዬ። ዋጋ ስትጨምር ደንበኛ ይሸሻታል፣ ፍሬ ስትቀንስ ግን እያየ ዝም ይላል። አንድ ቀን ሬዲዮ ይዛ ስታዳምጥ አገኘኋት።

“ወንድሜ፣ ግሽበት ቀነሰ ይላሉ። ከየት ነው የቀነሰው?”

የደብረ ዘይትን መንገድ አሳየኋትና፣ ያ መኪና ፍጥነቱን ቀነሰ እንጂ ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ ዋጋም እንዲሁ መውጣቱን አዘገመ እንጂ አልወረደም አልኳት። ወዲያው ገባት።

“እሺ፣ ወደ ኋላ ካልተመለሰ የሰው ገቢ መቼ ይደርስበታል?”

በ2014 ግንቦት ግሽበቱ 37 በመቶ ሲደርስ፣ በማግሥቱ ዓመትም፣ ከዚያም በኋላ የወጣው ዋጋ ሁሉ እላያችን ላይ እንደተደራረበ ነው ያለው። የየዓመቱ ቁጥር ዝቅ ሲል እኛ የሙያው ሰዎች እፎይ እንላለን፤ እሷ ግን የምትኖረው በድምሩ ውስጥ ነው። አዲሱ የብሔራዊ ባንክ አዋጅ መንግሥት ከባንኩ በቀጥታ በሚወስደው ብድር ላይ ጣሪያ ማስቀመጡ መልካም ነው፤ ለዓመታት ስንጮህበት የነበረ ነገር ነው። ለእሷ ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም። እኔም መልስ አልነበረኝም፤ “አላውቅም” አልኳት። ለቤተሰቤ ስለ ዋጋ አላውቅም ስል የመጀመሪያዬ ይመስለኛል።

አሁን የያዝኩት ሥራ ትንሽ ነው። የሰፈራችን ባለሱቅ የድሮ የዱቤ ደብተሮቹን እንዳነብ ፈቅዶልኛል። የሰዎቹን ስም ትቼ ዕቃውን፣ መጠኑንና ዋጋውን ብቻ እየገለበጥኩ ነው። በአሮጌዎቹ ገጾች ላይ ዘይት በሊትር ነው የተጻፈው። ወደዚህ ስትመጡ ግማሽ ሊትር፣ ከዚያ በብርጭቆ ይሆናል። ሳሙናም እንደዚሁ፤ ሙሉው ለሁለት ተቆርጦ “ግማሽ” ተብሎ ይገባል። ዋጋ ሲወጣ ሰው የሚገዛውን መጠን ይቀንሳል የሚለውን ሁላችንም እናስተምራለን። ደብተሩ ያሳየኝ ሌላው ወገን ነው፤ መጠኑ ባነሰ ቁጥር የሊትሩ ዋጋ ደግሞ ይጨምራል። በብርጭቆ የሚገዛው በሊትር ከሚገዛው ጎረቤቱ ይበልጥ ይከፍላል፤ በአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን። እስካሁን ያየሁት ጥቂት ገጽ ስለሆነ ምን ያህል ይበልጣል ብዬ ቁጥር ለመጥራት አልደፍርም። የጻፍኩትን ለተማሪዎቼ ሳሳይ አንዷ የእናቷን ሱቅ ደብተር አመጣለሁ አለችኝ፤ ሌላው ሰፈሩ ባለው ወፍጮ ቤት ይጀምራል። የእኔው ባለሱቅ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደብተሮች እስከ ፋሲካ እንድመልስለት ነግሮኛል፤ ገና ያልተከፈለ ሒሳብ አለባቸው።